በደጃችን ያለውን አገር እንይ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ዘንድሮው የጉብኝት ጉዞ እንድናገር ሲጠይቀኝ ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ አውቄ ነው እሺ ያልኩት። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ሰምተናል። አንዳንዶቻችን «ዓመቱን ሙሉ ስንለፋ ከርመን አንድ ቀን ወጣ ብንል ምን አለበት?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ጤፉ በዚህ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ በዚህ ዋጋ፣ ብድር የሚጠብቁ እህቶች እያሉን ሽርሽር ምን የሚሉት ነው?» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ዛሬ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የምለው ይህን ነው፦ ጉዞው ይደረግ፤ ለብድር የተቀመጠው ገንዘብ ግን አይነካ፤ የምንሄድበትም ቦታ ሩቅ አይሁን። ምክንያቴን በተራ ላስረዳ።

ጉብኝት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሩቅ አገር ነው። በቴሌቪዥን የግብፅን ፒራሚድ፣ የሞሮኮን ገበያ እናያለን፤ «ይህን ሳያዩ መሞት!» እንላለን። ከመካከላችን ቤይሩትና ጅዳ ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። የዱባይን ፎቅ በስሙ የሚጠሩ ልጆች አሉን። ጢያን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ግን ስንት እጅ ይወጣል?

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ዩኔስኮ እስከ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የኢትዮጵያ ቦታዎች 12 ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ተመዘገቡ። የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ አክሱም፣ ድንቅነሽ የተገኘችበት የታችኛው አዋሽ፣ የታችኛው ኦሞ፣ ጢያ፣ ሐረር ጀጎል፣ ኮንሶ፣ ጌዴኦና የባሌ ተራሮች ተከተሉ። መጨረሻ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጥሬና ባልጪት ገቡ። ከእነዚህ 12 ውስጥ ሁለቱ ያሉት እኛ በየቀኑ ታክሲ ከምንጠብቅበት ከለቡ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ በሚያልቅ በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ይዞ የሚያየውን እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ እቤታችን እራት መድረስ እንችላለን።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከለቡ በጀሞ በኩል ወጥተን የጅማን መንገድ እንይዛለን፤ ዓለም ገና ላይ ታጥፈን የቡታጅራን መንገድ እንገባለን። የማነሳቸው ቦታዎች በዚሁ መንገድ ላይ፣ ወይም ከእሱ ገባ ብለው የሚገኙ ናቸው።

መጀመሪያ የምናገኘው መልካ ቁንጥሬን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የቦታውን ጥንታዊነት ያስተዋለው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ጥናት ባለሙያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ለአሥርት ዓመታት ቆፍረውበታል። የተገኘው ነገር ሰው እዚህ ወንዝ ዳር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ይኖር እንደነበር ያሳያል።

2 ሚሊዮን ዓመት ሲባል ከበድ ይላል፤ ጭንቅላት ውስጥም አይቀመጥም። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ።

አንደኛው የድንጋይ መሣሪያው ነው። በመጀመሪያ እይታ ተራ ድንጋይ ነው፤ መንገድ ላይ ብናገኘው ረግጠነው እናልፋለን። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ የተጠረበ፣ ጫፉ የሾለ፣ ዙሪያው ስለት የወጣለት ነው። የሠራው ሰው ገና ሲጀምር የመጨረሻውን ቅርጽ በልቡ ይዞ ነበር። ሰፌድ የምትሰፉ እህቶች ይህ ይገባችኋል፤ የመጀመሪያውን አለላ ስትጠመዝዙ የዳሩን ጥለት ታውቁታላችሁ። አብሮት የተመዘገበው ባልጪት ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ይርቃል። ስሙ የመጣው ከምናውቀው ከባልጩት ነው፤ አያቶቻችን ራስ ይላጩበት ከነበረው፣ ከጥቁሩ እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቀው ድንጋይ። የጥንቱ ሰው መሣሪያ የሚሠራበትን ባልጩት የሚያመጣው ከዚያ ነበር። ድንጋይ መጥረብ የወንድ ሥራ ብቻ ነው የምትል ካለች ደግሞ፣ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የመፋቂያቸውን ድንጋይ ራሳቸው ሲጠርቡ እስከ እኛ ዘመን መድረሳቸውን አጥኚዎች ጽፈዋል።

ሁለተኛው የልጆች ዱካ ነው። በመልካ ቁንጥሬ ውስጥ ጎምቦሬ በተባለው ቦታ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት እርጥብ አፈር ላይ የተረገጠ የሰው እግር ዱካ ተገኝቷል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች አሉበት። እዚያው አካባቢ የድንጋይ መሣሪያ የተሠራበትና የጉማሬ ሥጋ የተበለተበት ምልክት አለ። ትልልቆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹም እዚያው እግራቸው ሥር ነበሩ። ልጇን አዝላ ጉልት የምትቀመጥ፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ እንጀራ የምትጋግር እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ ስሰማ ያልኩት «ለካ ይህ ኑሮ ዛሬ የተጀመረ አይደለም» ነው።

ከመልካ ቁንጥሬ አለፍ ብለን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ስንል አዳዲ ማርያምን እናገኛለን። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። በአፈ ታሪክ የምትነገረው ለንጉሥ ላሊበላ ነው። ላሊበላ ድረስ ለመሄድ ገንዘቡም ጊዜውም ያልሞላላት እናት ውቅር ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚመስል እዚህ ማየት ትችላለች። ከላይ ቆማችሁ ስትመለከቱ ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር የተስተካከለ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ወደ ታች በመውረድ ነው። ስትወርዱ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት። እንደ ቤታችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ የተገነባ አይደለም፤ የማይፈለገው ድንጋይ እየተነሣ የተረፈው ነው ቤተ ክርስቲያን የሆነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መዶሻ የሚጠገንበት መንገድ የለም።

አዳዲ ማርያም ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሙዚየም አይደለችም። ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ከውስጥ ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ካህናቱን እንጠይቃለን። በወር በ21 የእመቤታችን ዕለት ብንሄድ ሕዝቡ ይበዛል፤ ለመሳለም ለሚፈልግ መልካም ነው፤ ተረጋግቶ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል። ሙስሊም እህቶቻችንና ሌላ እምነት የምትከተሉም እንደ ፍላጎታችሁ ናችሁ፤ ከላይ ሆኖ ማየትም ይቻላል፤ ማንም ግቢ፣ ማንም ቅሪ አይባልም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጢያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በጉራጌ፣ ሶዶ ውስጥ ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጢያ ስትደርሱ «ይኸው ነው?» የሚል ይኖራል። ተራራ የለም፣ ቤተ መንግሥት የለም። በአጥር የተከለለ ሜዳ ላይ የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። ማየት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋዮቹ 36 ናቸው፤ 32ቱ የተቀረጸ ምልክት አላቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ አንዱ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ክብ ክብ ምልክት አለ፤ ቅርንጫፍ የሚመስል ምልክት አለ። አስጎብኚዎች ሰይፉ ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያል ይላሉ። የአብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉም ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ኢማም አሕመድ በ16ኛው መቶ ዘመን ከመነሣታቸው በፊት የቆሙ ናቸው ይላሉ።

ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው። ቁፋሮ ያደረጉ ባለሙያዎች እዚያ የተቀበሩትን ወጣት ወንዶችና ሴቶች፣ እንደ ጽንስ ተጠቅልለው በጎናቸው የተኙ ሆነው አግኝተዋቸዋል። እንግዲህ አስቡት። ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ ልጆቹን ቀብሮ እንዳይረሱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ጠርቦ፣ ቀርጾ አቆመ። ስማቸው ጠፋ፤ ድንጋዩ ግን ይኸው አለ። ስለዚህ ልጆች ይዘን ከሄድን ድንጋዩ ላይ አይወጡ፣ አይደገፉት፣ በጠጠርም አይጫሩበት። የሰው እናት ያለቀሰችበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ይህን ሁሉ ብናይ ምን እናገኛለን?» ለሚሉት እህቶች መልሴ ከራሳችን ማኅበር ዓላማ የሚነሣ ነው።

ቀደም ሲል ያነሳኋትን ሞሮኮን እንመልከት። ወደዚያ የሚሄድ ቱሪስት ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአርጋን ዛፍ ነው። ከኤሳዊራ እስከ አጋዲር ባለው የደቡብ ምዕራቡ አገር ይበቅላል። የገጠር ሴቶች ፍሬውን በድንጋይ እየፈለጡ ዘይት ያወጡበታል፤ ሥራው ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። በራባት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት የሆነችው ዙቢዳ ሻሩፍ እ.ኤ.አ. በ1996 በታማናር የመጀመሪያውን የሴቶች የአርጋን ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመች፤ ስሙ «አማል» ነው፣ ተስፋ ማለት። መጀመሪያ የገቡት ባል የሞተባቸውና የተፈቱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማኅበራት ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ የአርጋኑን ባህላዊ ዕውቀት በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ አስጎብኚ መኪናውን አቁሞ እንግዶቹን የሴቶቹን ሥራ ያሳያል፤ እንግዳውም አይቶ ይገዛል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት አገኛለሁ። አንደኛው፣ መንገደኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ተራራና ሐውልት ለማየት ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ያየውን የእጅ ሥራ፣ የቀመሰውን ምግብ፣ ያነጋገረችውን ሴት ያስታውሳል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያው ሞሮኮ የሴቶች ማኅበር የሚል ሰሌዳ ለጥፈው፣ ትርፉን ግን ነጋዴ የሚወስድባቸው ቤቶች እንዳሉ ይነገራል። በራሷ ማኅበር፣ በራሷ ሒሳብ መዝገብ ያልያዘች ሴት ለሌላ ሰው ንግድ ማስዋቢያ ሆና ትቀራለች።

ታዲያ ወደ እኛ ስንመጣ፣ ለቡ የመንገደኛ ሰፈር ናት። የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የአዲስ አበባው የመንገደኞች ጣቢያ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚሳፈር፣ ከድሬዳዋም ሐረር ጀጎልን ለማየት የሚሄድ ሰው የሚነሳው ከእኛ ሰፈር ነው። ወደ ጢያ የሚሄደውም በአቅራቢያችን ያልፋል። ይህ መንገደኛ ሁሉ ምን ይፈልጋል? ስንቅ! ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ትኩስ ቡና። አገራችን መንገደኛን ያለ ስንቅ ሸኝታ አታውቅም። እኛ ደግሞ ባልትና የሠለጠንን፣ ሚዛንና ማሸጊያ ያለን ሴቶች ነን። የጎደለን መንገደኛው የት እንደሚሄድ፣ ምን አይቶ እንደሚመለስ፣ በየቦታው ምን አጥቶ እንደሚቸገር ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ራስ ሄዶ ካላዩ በወሬ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመልካ ቁንጥሬንና የጢያን ሴቶች ገበያ ልንሻማ አንሄድም። እነሱም እንደ እኛ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። እዚያ ስንደርስ ቡናውን ከእነሱ እንጠጣ፣ ቆጮውንና አይቡን ከእነሱ እንግዛ። የተደራጁ ካሉ እንተዋወቅ። የእነሱ ገበያ ቦታው ላይ ነው፤ የእኛ ገበያ መነሻው ላይ ነው። አንዱ ሌላውን አይነካም።

ስለ ገንዘቡ ሐሳቤ ይህ ነው። ለብድር ከተቀመጠው አንድ ብር አይወጣም። ለጉዞው ብቻ የተለየ ቁጠባ እንክፈት፤ በሳምንት 50 ብር ለ12 ሳምንት ብናስቀምጥ ለእያንዳንዳችን 600 ብር ይሆናል። ገንዘብ ያዥዋ በተለየ ደብተር ትያዘው። ኮሚቴው የኮስተር ኪራይ ጠይቆ ከዚህ ከበለጠ ቶሎ ይንገረን፤ ካነሰ የተረፈው ይመለስ። በሳምንት 50 ብር የማይቻላቸው እናቶች አሉን፤ እናውቃቸዋለን፣ ስማቸው እዚህ አይነሳም። የሚቻለን ሁለት ሁለት ሆነን የአንዲት እናት ድርሻ እንያዝ። ይህ ለማኅበራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በለቅሶም በወሊድም የምናደርገው ነው።

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ይሁን። ክረምቱ ያልፋል፣ ጭቃው ይደርቃል። በመስቀል ሰሞን ያ መንገድ ወደ ጉራጌ አገር በሚገባ ሰው ስለሚጨናነቅ አንመርጠውም። ከመነሳታችን በፊት ባለው ቀን ኮሚቴው የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይተላለፍ፤ ቅርሱ የትም አይሄድም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሣ። ምግቡ የጾም ይሁን፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት ብንይዝ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ የጾመችም አትቸገርም። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ሽፍን ጫማ አድርጉ። የነዋሪነት መታወቂያችሁን ያዙ፤ የመግቢያ ክፍያው ለአገር ሰውና ለውጭ እንግዳ ይለያያል።

ስንመለስ እያንዳንዷ ሦስት ጥያቄ እንድትመልስ እጠይቃለሁ። መንገደኛ ምን ሲገዛ አየሽ? ምን ፈልጎ አጣ? ለልጅሽ ምን ነገርሻት? የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ጸሐፊያችን ትመዝግባቸው፤ በሚቀጥለው ወር የባቡር ጣቢያውን ሽያጭ ጉዳይ ስንወያይ እንጠቀምባቸዋለን። ሦስተኛው የየራሳችን ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ የሰጣችሁን ገንዘብ ለብድርና ለሥልጠና ነው፤ ለዚያው ይውላል። አብራችሁን ብትመጡ ግን ደስ ይለናል። እናንተም ሳምንታዊ 50 ብራችሁን ትከፍላላችሁ፤ እንግዳ ናችሁ ተብሎ አይታለፍም!

እናቶቼና እህቶቼ፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ጢያ ድንጋይና ስለ አዋሽ ሸለቆ ይማራሉ፤ ለፈተና ይሸመድዱታል። «እማዬ፣ አይተሽዋል?» ብለው ሲጠይቁን «አዎ፣ ሰይፉን በዓይኔ ቆጥሬዋለሁ» ማለት የምንችል እንሁን። ሐሳቤ ይኸው ነው። የተቃወማችሁም ሐሳባችሁን ተናገሩ፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።